«ለእናትሽ ደውይላት»

በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ነገሮች ውስጥ ወደ አፌ መልሼ ብውጣቸው የምላቸው ጥቂት ናቸው። አንዱ ይሄ ነው፦ «ለእናትሽ ደውይላት።»

ያልኩት ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ረቡዕ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በምሠራበት የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ሥር ባለች ካፌ ውስጥ ነው። ልጅቷ የ19 ዓመት ልጅ ነበረች። እንግሊዛዊት ናት፤ የሰሜን ባሕር ዳርቻ ከተማ ልጅ፣ የአንደኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ። ከ17 ዓመቷ ጀምሮ ከቤተሰቧ ጋር ተቆራርጣለች። እኔ ደግሞ «ሜንተሯ» ነበርኩ። የሁለት ሰዓት ሥልጠና ወስጄ፣ ደረቴ ላይ ባጅ አንጠልጥዬ፣ ልረዳት የተቀመጥኩ ሰው።

ስነግራት አልተቆጣችም። ስኒዋን አስቀመጠች፣ ፈገግ አለችና «እሺ» አለችኝ። እኛ አገር ሰው «እሺ» ብሎ እንደሚቀረው ነበር የቀረችው።

(ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ስሟን አልጠቅስም፣ ጥቂት ነገሮችም ቀይሬያለሁ። «ሰዎች ጥሩ ሰው አድርገሽ እንዳትጽፊኝ» ብላኛለች። ሞክሬያለሁ።)

* * *

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ፤ እኔም ሳልገባበት በፊት አላውቀውም ነበርና።

ብሪታንያ ውስጥ ቤተሰቡ ሊያሳድገው ያልቻለ ወይም ያልተገባው ልጅ በአካባቢው ምክር ቤት ኃላፊነት ሥር ይወድቃል። አንዳንዱ አሳዳጊ ቤተሰብ ጋ ያድጋል፣ አንዳንዱ በልጆች ማቆያ ቤት። ከነዚህ መሃል ብቻቸውን ድንበር አቋርጠው የመጡ የኛ አገር ልጆችም አሉ። እነዚህ ልጆች ሲያድጉ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ጥቂት ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ በቅርብ ዓመታት በ19 ዓመታቸው ከፍተኛ ትምህርት የሚጀምሩት ከመቶ 14 ገደማ ሲሆኑ፣ ከሌላው ልጅ ግን ግማሹ ሊሆን ትንሽ የቀረው ይገባል።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ የልጅቷ ዓይነት ነው። በምክር ቤት እጅ አላደጉም፣ ሶሻል ወርከር የላቸውም፣ ፋይል የላቸውም። ወላጆቻቸው በሕይወት አሉ፤ ግን የሉም። ተጣልተው፣ ተባረው፣ ወይም ራሳቸውን ለማዳን ወጥተው የቀሩ ልጆች ናቸው። እንግሊዝኛው አንድ ቃል ሰጥቷቸዋል። በአማርኛ ሳስበው የሚመጣልኝ «የተቆራረጡ» የሚለው ነው። ቅሬታ እንደሆነ መገመት አይከብድም፦ በምክር ቤት እጅ ያደገ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ቢያንስ 2,000 ፓውንድ ድጎማና እስከ 25 ዓመቱ የሚከታተለው አማካሪ አለው። ይሄ በቂ ነው ማለቴ አይደለም። የተቆራረጠው ልጅ ግን ይህም የለውም።

እዚያ ላይ ብድሩ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ተማሪ የሚኖርበትን ብድር ሲጠይቅ፣ 25 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በመርህ ደረጃ የሚታየው የወላጆቹ ገቢ ነው። ከወላጆቹ የተቆራረጠ ልጅ መቆራረጡን ማስረዳት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ እንዳልተገናኙ፣ ነገሩም እንደማይስተካከል የሚመሰክርለት አስተማሪ ወይም ሌላ ባለሙያ ያስፈልገዋል። እስቲ አስቡት። ልጁ 18 ዓመቱ ነው፤ «እናቴ አትፈልገኝም» የሚል ደብዳቤ አስጽፎ ለመሥሪያ ቤት ማስገባት አለበት።

2018 ላይ ደግሞ የብድር ተቋሙ የአንዳንዶቹን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ይመረምር እንደነበር በጋዜጣ ወጣ። «ተቆራርጫለሁ ብለህ ከቤተሰብህ ጋር ፎቶ ተነሥተሃል ወይ?» ዓይነት ነገር።

እንግዲህ እኔ «ለእናትሽ ደውይላት» ያልኳት ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው። አንድ ስልክ ብድሯን አያስቆምባትም ይሆናል። እሷ ግን እርግጠኛ የምትሆንበት ምንም መንገድ አልነበራትም።

* * *

ለምን እንዳልኩት ለመናገር ወደ ደሴ መመለስ አለብኝ።

አባዬ በሰፈራችን የታወቀ ሽማግሌ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ጋቢውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና ይወጣል። ባልና ሚስት፣ ወንድምና ወንድም፣ የድንበር ጸብ፣ የውርስ ጸብ። እንደ ወሎ ወግ ሼሁም ቄሱም አብረውት ይሄዳሉ። ማታ ሲመለስ «ታረቁ» ካለ ቤታችን ውስጥ እንኳ የሆነ ነገር ቀለል ይላል። እኔ ያደግኩት ተጣልቶ የሚቀር ሰው እንደሌለ፣ ካለም ሽማግሌ ስላልተላከበት ብቻ እንደሆነ እያመንኩ ነው።

ስለዚህ አንዲት ልጅ ፊቴ ተቀምጣ «ከእናቴ ጋር ሁለት ዓመት ሆነን ካወራን» ስትለኝ የሰማሁት መረጃ አልነበረም። የሰማሁት ሥራ ነው። የአባቴ ልጅ አይደለሁ!

ልጅቷ ስትጠፋ ኢሜይል ላክሁላት። መልስ የለም። ሌላ ላክሁ። የለም። በሦስተኛው ሳምንት የፕሮግራሙን አስተባባሪ ሄጄ አናገርኳት። ያልኩትን ቃል በቃል ነገርኳት፤ ፊቷን አየሁት። አልጮኸችብኝም። ሥልጠናው ላይ ተነግሮን ነበር ለካ፤ ስላይድ ላይ ሁሉ አለ፦ አታስታርቁ። እኔ አንብቤው፣ «ይሄ ለፈረንጅ ነው» ብዬ ነው መሰለኝ ያለፍኩት።

«ምን ላድርግ?» አልኳት።

«ቀጠሮሽን ጠብቂ» አለችኝ። «በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ነው አይደል? ሂጂና ተቀመጪ። እዚያ እንዳለሽ አንድ መስመር ጻፊላት። ለምን ቀረሽ ብለሽ አትጠይቂያት።»

ይኸው ነው? አዎ፣ ይኸው ነው።

* * *

ሁለት ረቡዕ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሻይ አዘዝኩ፣ ስልኬን ገለበጥኩ፣ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና አልኩ። «ካፌው ነኝ፤ እስከ 8 ሰዓት እቆያለሁ» ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን መልእክት በሐበሻ ሰዓት ጽፌው ኖሮ እንደገና ማስተካከል ነበረብኝ። በነሱ አቆጣጠር ከሰዓት 8 ሰዓት ማለት ማታ ነው።

በሁለተኛው ረቡዕ ላይ፣ ለ25 ዓመት ያላሰብኳት አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ።

የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። እኔ 11 ዓመቴ፣ እሷ 16 ቢሆናት ነው። ከቤት ጠፍታ ኮምቦልቻ አክስቷ ጋ ገባች። አባቷ ሽማግሌ ላከ፤ አባዬም ከነሱ አንዱ ነበር። ሄደው፣ መክረው፣ ይዘዋት መጡ። እርቁ እኛ ቤት ነው የተደረገው። ቡና ተፈላ፣ ቆሎውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ «አጥፍቻለሁ» አለች። ተመረቀ። ሁላችንም «አሜን» አልን። እኔም ጮክ ብዬ አልኩ፣ በደንብ አስታውሳለሁ።

ለምን እንደጠፋች ግን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ቢጠይቋትም እንኳ ጥያቄው «ማን ምን አጠፋ» ነበር የሚሆነው፤ መልሱ ምንም ይሁን ምን ደግሞ መጨረሻው እዚያው ቤት መመለስ ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ በደላላ በኩል ጅዳ ሄደች ተባለ። ሰፈሩ «ታርቃ እያለች!» ብሎ ተገረመ።

ሽምግልናን ለማንቋሸሽ አይደለም ይህን የምጽፈው። አባዬ ያስታረቃቸው ሰዎች ቀብሩ ላይ ያለቀሱትን ለቅሶ አይቻለሁ። ብዙ ቤት አድኗል። ግን ሽምግልና ውስጥ የማይፈቀድ አንድ መልስ አለ፤ እሱም «አልመለስም» የሚለው ነው። ለአንዳንድ ሰው ደግሞ በሕይወቱ የወሰነው ትልቁና ትክክለኛው ውሳኔ ያ ነው።

አባዬን ስለዚያች ልጅ ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር። ግን የለም።

* * *

በሦስተኛው ረቡዕ ልጅቷ መጣች። ዲሴምበር አጋማሽ ነው። ስለጠፋችበት ጊዜ እሷም አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። «ይቅርታ፣ ያልኩት ልክ አልነበረም» ብቻ አልኳት። ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገችና ከቦርሳዋ የተጨማደደ ወረቀት አወጣች።

የኪራይ ውል ነበር። እዚህ አገር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ዶርም ይኖራል፤ ለሁለተኛ ዓመት ግን ከጓደኞቹ ጋር ቤት ይከራያል፣ ፍለጋውም ገና ሳይደርስ ይጀመራል። አራት ሆነው ቤት አግኝተዋል። ሦስቱ ፈርመዋል። የሷ ወረቀት ላይ አንድ ቦታ ባዶ ነው፤ ኪራዩን ባትከፍል የሚከፍልላት፣ እንግሊዝ የሚኖር፣ ገቢ ያለው ሰው ስም። ሰው ከሌላት የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ መክፈል አለባት። ለጓደኞቿ ምን እንደምትላቸው ጨንቋት «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ዶርም ይሻለኛል» ልትላቸው ነበር።

ዋስ ነው የጎደላት።

አዲስ አበባ ባንክ ስቀጠር አጎቴ ነው ዋስ የሆነኝ። ከሥራው ፈቃድ ወስዶ፣ የደመወዝ ማስረጃውን ይዞ መጥቶ ፈረመ። ከዚያ ማኪያቶ ጋበዝኩት፤ አለቀ። ዋስ ስለሌለው ሰው አስቤ አላውቅም። ዋስ እንደ አየር ነበር። ያቺን ወረቀት ይዤ ነው የገባኝ፦ ሰው ቤተሰብ ሲያጣ መጀመሪያ የሚቸገረው በፍቅር ይመስለናል፤ እሱም አለ፣ ግን ከዚያ በፊት በቅጽ ነው የሚቸገረው። የአደጋ ጊዜ ተጠሪ። ዋስ። ሰመር ላይ ዶርም ሲዘጋ የሚሄድበት አድራሻ። ጥርሱን ሲነቀል «ወደ ቤት የሚወስድህ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ።

እውነቱን ለመናገር እስክሪብቶዬን አውጥቼ ነበር። ደንቡ ግን አይፈቅድም። ሜንተር ዋስ አይሆንም፣ ገንዘብ አያበድርም፣ ቤቱ አይጋብዝም፣ የግል ስልኩን አይሰጥም። መጀመሪያ ላይ ይሄ ደንብ ቀዝቃዛ ይመስለኝ ነበር። «ምን ዓይነት እርዳታ ነው ቤትህ የማይጋበዝበት?» አልኩ። አሁን ይገባኛል። ፈርሜላት ቢሆን ኖሮ ለአንድ ዓመት ሙሉ በኔ በጎነት ሥር ትኖር ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ የማትረባ ነገር ብነግራት እንኳ መጥፋት አትችልም።

ስለዚህ ሌላ ነገር አደረግኩ። «ትንሽ ቆይ» ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለእንዲህ ያሉ ተማሪዎች ዋስ የሚሆንበት አሠራር አለው፤ ማንም በማያነበው ገጽ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። የሚያስፈጽመው ክፍል ከኔ ቢሮ ሦስት በር አልፎ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ በበሩ ሳልፍ አላውቅም ነበር። ሁለት ኢሜይል፣ አንድ ስልክ፣ ወደ ኮሪደሩ አንድ ጊዜ መሄድ። በሳምንቱ ተፈረመላት።

የሠራተኛ ሜንተር ጥቅሙ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ምክር ከኔ የተሻለ የሚሰጥ ሞልቷል። እኔ ያለኝ ባጅ ነው። የትኛው በር የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ካላወቅኩም ስጠይቅ አይመልሱኝም። እናትና አባት ያለው ተማሪ ነገር ሲጠፋበት ቤት ደውሎ «ምን ላድርግ?» ይላል። ወላጆቹ መልሱን ባያውቁ እንኳ «ቆይ ላጣራ» ይሉታል። ያ «ቆይ ላጣራ» ነው የሚጎድለው።

* * *

ዲሴምበር 25 ቀን ዩኒቨርሲቲው ባዶ ነው። ካፌው ዝግ፣ ላይብረሪው ዝግ፣ አውቶቡስ የለም። ዶርም ለቀሩ ተማሪዎች ምሳ ይዘጋጃል፤ ለማገዝ ፈቃደኛ ሠራተኛ ሲፈለግ ማንም እጁን አያወጣም። እኔ አወጣሁ። የኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ያን ቀን ምን ሥራ አለኝ?

የዘነጋሁት ነገር ቢኖር ጾም መሆኔን ነው። 11 ተማሪዎች ቱርክ ሲበሉ እኔ ድንችና የጋገርኩትን ድፎ ዳቦ እበላለሁ። ልጅቷ «ምግቡን አልወደድሽውም?» አለችኝ። የነቢያትን ጾም በእንግሊዝኛ ማስረዳት ጀመርኩ። 43 ቀን ስላት «ራሳችሁን ምን አድርጉ ብለዋችሁ ነው?» አለች። ድፎ ዳቦው ግን ቀድሞ አለቀ።

ይህ የገና ምሳ ነገር እንግሊዝ ውስጥ የተስፋፋበት አንዱ መንገድ የኛ ደም ባለው ሰው በኩል እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። ለምን ሲሳይ ይባላል። ገጣሚ ነው። በ1967 (እ.ኤ.አ.) ለትምህርት ከመጣች ኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ ውስጥ ተወለደ። እናቱ ለጊዜው እንዲያዝላት ሰጠችው፤ ማኅበራዊ አገልግሎቱ ግን ለአሳዳጊ ቤተሰብ አስረከበው፣ ስሙም ኖርማን ሆነ። እናቱ ልጄን መልሱልኝ ብላ የጻፈችው ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ ነበር። 12 ዓመቱ ላይ አሳዳጊዎቹ መለሱት፤ ከዚያ ከማቆያ ቤት ማቆያ ቤት ሲዘዋወር አደገ። እውነተኛ ስሙንና የእናቱን ደብዳቤ ያየው ለአቅመ አዳም ሲደርስ ነው። ከ2015 እስከ 2022 የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ነበር። በ2013 ደግሞ ማንቸስተር ውስጥ፣ በመንግሥት እጅ አድገው ለወጡ ወጣቶች የገና ምሳ አስጀመረ፤ ከዚያ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ።

ስሙን ለልጅቷ ተረጎምኩላት። «ለምን ማለት ‹ለምን› ማለት ነው» አልኳት። ሳቀች፤ «አንቺ እኮ ይህን ጥያቄ ሳትጠይቂኝ ነው የቀረሽው» አለችኝ።

እስካሁንም አልጠየቅኳትም። አንዳንዱን ራሷ ነግራኛለች። እዚህ አልጽፈውም።

* * *

እዚህ ላይ ባበቃው ደስ ባለኝ። ነገር ግን አንድ የቀረ አለ።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ሜንተሮችና ተማሪዎች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበን ነበር። አንድ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ከመልኩ ሐበሻ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ እሱም አውቆኛል። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ ለንደን ባደገ አማርኛ፣ «አንቺን ፈርቼሽ ነበር» አለኝ።

«እኔን?»

«ሜንተር ስፈልግ ዝርዝሩ ላይ ስምሽን አየሁ። ሐበሻ ናት አልኩ። ሌላ ሰው ስጡኝ አልኳቸው።»

አፌ ላይ «ለምን?» የሚለው መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። እሱ ራሱ ቀጠለ፦ «ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ሰው ታውቃለች፣ ወሬው እዚያ ይደርሳል ብዬ ነው። ደግሞ ‹ለእናትህ ደውልላት› ትለኛለች ብዬ።»

ቃል በቃል። ከማንም አልሰማውም፤ ያንን ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል፣ በቃ። አድጎበታል።

የዚያን ቀን ማታ አልተኛሁም። ላግዘው የምችለው የመጨረሻው ቅርብ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ቋንቋውን አውቃለሁ፣ የእናቱን ቁጣ ጭምር በዜማው አውቀዋለሁ። ለዚያው ነው የሸሸኝ። ተሳስቷል ማለት ብችል ደስ ይለኝ ነበር። አልተሳሳተም፤ በዚያ ኖቬምበር ብንገናኝ ኖሮ እንደዚያው ነበር የምለው። ምናልባትም እናቱን የሚያውቅ ሰው አፈላልጌ፣ በቅንነት፣ ስልክ እደውል ነበር።

«አሁን ሜንተር አለህ?» አልኩት።

«አለኝ። ጀርመናዊ ነው። ስለ ብስክሌት ብቻ ነው የሚያወራው።» ሳቅ አለ። «ጥሩ ሰው ነው።»

«ደስ ይላል» አልኩት፤ ከልቤ። ከዚያ ስለ ትምህርቱ ጥቂት አወራንና ተለያየን። አልፎ አልፎ ግቢ ውስጥ እንገናኛለን፤ እንደ ሐበሻ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለኛል። የቤተሰቡን ስም አልጠየቅኩትም። ምናልባት አውቃቸው ይሆናል።

* * *

የምሠራው የተማሪዎች ክፍያ ክፍል ነው። ክፍያ ላዘገየ ተማሪ የሚላክ ኢሜይል አለን፤ ለዓመታት ስልከው የኖርኩት። መጨረሻው ላይ «ችግር ካጋጠመዎ በቅድሚያ ወላጆችዎን ወይም አሳዳጊዎችዎን ያማክሩ» የሚል መስመር ነበረው። ልጅቷ ከመተዋወቃችን በፊት አንድ ጊዜ ደርሷታል። እኔ ለካ ገና ሳላውቃት ጀምሮ ነው «ለእናትሽ ደውይላት» ስላት የነበረው።

መስመሩ እንዲወጣ አለቃዬን ጠየቅኩ። ኮሚቴ አለው፣ ስብሰባ አለው፣ አራት ወር ፈጀ። አሁን «ችግር ካጋጠመዎ ያነጋግሩን» ነው የሚለው፤ ሥሩ ላይ የቢሯችን ስልክ አለ። ከሚያነሱት አንዷ እኔ ነኝ።

ረቡዕ ረቡዕ ግን አላነሣም። ከ7 እስከ 8 ሰዓት ካፌ ነኝ።